የተሰወሩ መንግሥታት፦ በኮሚክ መጻሕፍትና በእኛ አገር

ልጅዎ «ዋካንዳ በእውነት አለች ወይ?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሳሉ?

ከክሪፕተን ፕላኔት የመጣው ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ከታተመ በኋላ፣ ኮሚክ በሚባሉት የሥዕል መጻሕፍት የሌላ ዓለም ፍጡራንና የተሰወሩ መንግሥታት እየበዙ ሄዱ። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ዋካንዳን በ1966 «ፋንታስቲክ ፎር» በተባለው ኮሚክ አወጡ። በዚያው ዓመት በዚሁ ኮሚክ ፕሬስተር ጆንም ገባ።

ይህ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ በተሠራጨ የሐሰት ደብዳቤ ምክንያት፣ በሩቅ አገር ፕሬስተር ጆን የሚባል ኃያል ክርስቲያን ንጉሥ አለ ተብሎ ታመነ። መጀመሪያ በእስያ፣ በኋላም በኢትዮጵያ ተፈለገ። በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ያገኙት ግን የተረቱን ንጉሥ ሳይሆን አፄ ልብነ ድንግልን ነው።

ሮቤ ወይም ጎባ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ እውነት በደጅዎ አለ። ተመራማሪዎች በ2019 እንዳስታወቁት፣ በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ፣ ከባልጩትም መሣሪያ ይሠሩ ነበር።

እነዚህ ከሰማይ የወረዱ እንግዳ ፍጡራን አይደሉም፤ እንደ እኛ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለልጅዎ «ዋካንዳ ልብ ወለድ ናት፤ የባሌው ዋሻ ግን እውነት ነው» ብለው ይንገሩት።