የአትክልት ተራ ቲማቲምና የተዳቀለ ዘር

የአዲስ አበባ የቀድሞ ታላቅ ገበያ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም እንደነበረ ይታወቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ ተዛወረ፤ በአራዳም ላይ ፒያሳ የሚለው የጣሊያንኛ ስም ተደረበ። በኋላ ዘመን ደግሞ በዚያው በፒያሳ አቅራቢያ አትክልት ተራ የተባለው የጅምላ ገበያ ቆመ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ እስኪዛወር ድረስ ገበያው የከተማይቱን ወጥ ቤቶች ሲመግብ ኖሯል።

በአትክልት ተራ ይራገፍ የነበረው ቲማቲም ግን የአዲስ አበባ ፍሬ አልነበረም። ቲማቲም የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ፍሬ መያዝ ይሳነዋል፤ ሌሊቱ ከ21 ዲግሪ በላይ ሲሞቅም ፍሬው ይቀንሳል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ከተማ ለዚህ ተክል ትቀዘቅዛለች። በመሆኑም ፍሬው ከስምጥ ሸለቆ፣ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ፣ በእንጨት ሣጥን ታጭቆ 130 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መጓዝ ነበረበት። ልጣጩ ስስ የሆነው በሣጥኑ ግርጌ ይፈርጣል። ለነጋዴውም ሆነ ለገበሬው መልካም ዝርያ ማለት ብዙ የሚያፈራ ብቻ ሳይሆን፣ ጉዞውን ችሎ የሚደርስ ነበር።

ይህን የመሰለ ጠባይ በአንድ ተክል ላይ ማሰባሰብ የአዳቃዮች ሥራ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው ማርግሎብ፣ ማርቭልና ግሎብ ከተባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅሎ የተገኘና የፉዛሪየም አጠውልግ በሽታን የሚቋቋም ነበር። እንዲህ ያለው ዝርያ ከተዳቀለ በኋላ ለብዙ ትውልድ ተመርጦ ጠባዩ ስለሚጸና፣ ገበሬው ዘሩን አስቀርቶ መልሶ ሊዘራው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1949 ኦቬድ ሺፍሪስ ለበርፒ የዘር ኩባንያ ያወጣው ቢግ ቦይ ግን ከዚህ ይለያል፤ የሁለት ወላጆች የመጀመሪያ ትውልድ ራሱ ነው ለገበያ የቀረበው። የቲማቲም አበባ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ፣ ሠራተኛው አበባው ሳይፈነዳ ወንዴውን አካል በወረንጦ ነቅሎ፣ የሌላውን ወላጅ ብናኝ በሴቴው ላይ ያኖራል። የዚህ ዘር ተክል ብርቱና ወጥ ነው፤ ልጆቹ ግን ይበታተናሉ። ስለዚህ ዘሩ በየወቅቱ መገዛት አለበት።

በኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መባቻ በመልካሳ የተመሠረተው ጣቢያ የአትክልት ምርምር ማዕከል ሆነ። ማርግሎብ፣ ሮማ ቪ.ኤፍ.ና መኒሜከር የተባሉ የውጭ ዝርያዎች በአገራችን ማሳ ከተለመዱት ውስጥ ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ወጡ፤ መልካ ሳልሳ ስሙ እንደሚጠቁመው ለድልህ የሚስማማ ነው። ቢሾላ፣ ፈጣን፣ ሚያና ቆጮሮ የተባሉትም ተከትለዋቸዋል። እነዚህ ዘራቸው በገበሬው እጅ የሚቀር ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሊላና ሻንቲን የመሰሉ የተዳቀሉ ዘሮች ከውጭ ገብተው በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ላይ ተስፋፉ። ጠንካራ ፍሬያቸው የሣጥኑንና የመንገዱን ፈተና ይችላል፤ ገበሬውም የመረጣቸው በስሕተት አይደለም። ይሁንና የዘሩ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ ወላጆቹም በሻጩ ኩባንያ እጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ ወደ ኢትዮጵያ እንደደረሰ ሁሉ፣ ነገም ሌላ ደዌ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ አዲስ ድቅል ለማውጣት የሚችለው ወላጆቹን የያዘ ብቻ ነው።

ወረንጦ ለመያዝ የሚበቃ እጅ በአገራችን አለ። ችግሩ ያለው ከወረንጦው በፊት ነው፤ ለቆላው ሙቀት፣ ለበሽታውና ለረጅሙ መንገድ የተፈተኑ ንጹሕ ወላጆችን ለዓመታት በትዕግሥት ማቆየትን ይጠይቃል። አትክልት ተራ ሥፍራውን ለወጠ፤ የመቂ መንገድ ግን አላጠረም። መንገዱን ችሎ የሚደርስ ፍሬ ዘሩም የአገር እንዲሆን ከተፈለገ፣ ሥራው ከወላጆቹ መጀመር ይኖርበታል።