የልብስ ማጠቢያ ማሽን የፍሳሽ ቱቦን ማራዘም

የማሽኑ ቱቦ የላቫንዲኖው ፍሳሽ ጋ ሳይደርስ ሲቀር ተጨማሪ ቱቦ የመቀጠል ሥራ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ቱቦ ብዙ ጊዜ 1.5 ሜትር አካባቢ ይረዝማል። ሁለቱ ጫፎች በፕላስቲክ ማገናኛ ላይ ጠልቀው ከገቡ በኋላ እያንዳንዳቸው በፋሼታ ይጠበቃሉ። በፕላስተር ጠቅልሎ መተው ፈጽሞ አይገባም፤ ፓምፑ ውኃውን በኃይል ሲገፋ መገጣጠሚያው ተላቆ ቤቱን ያጥለቀልቃል።

ከርዝመቱ ይልቅ ከፍታው ይበልጥ ያሳስባል። ብዙ አምራቾች ቱቦው ከወለል ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ያዛሉ። ጫፉ ወለል ላይ ከተጣለ ማሽኑ የሚቀዳው ውኃ ሳይጠራቀም በራሱ ይፈስሳል፤ ውኃው ይባክናል፣ ልብሱም አይታጠብም። ቱቦው ከሚገባው በላይ ሲረዝም ደግሞ ፓምፑ አቅም ያጣና ቆሻሻው ውኃ ከበሮው ውስጥ ይቀራል።

በላቫንዲኖው ሲፎን ጎን የቱቦ መግቢያ ካለ፣ ከመግጠም በፊት ውስጡን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። አዲስ ሲፎን ላይ መግቢያው በስስ ፕላስቲክ ተደፍኖ ይመጣል፤ ይህ ካልተቆረጠ ማሽኑ ጠብታም አያስወጣም። ቱቦው መግቢያው ጋ ከመድረሱ በፊት ከላቫንዲኖው ሥር ሽቅብ ቀለስ ብሎ ይታሰራል፤ አለዚያ የሳህን እጣቢ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ከተገጠመ በኋላ መገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፎ ማሽኑን ውኃ ማስወጣት ነው፤ ትንሿ ፍሳሽ እንኳ ወዲያው ትታያለች።