የሻጋታ ስፖሮች ስርጭት በቤት ውስጥ አየር

በራሰ ጂፕሰም ቦርድ፣ ቺፕውድ ወይም ኮርኒስ ላይ የበቀለ ሻጋታ ስፖር የተባሉ ጥቃቅን የመራቢያ ህዋሳቱን ወደ ክፍል አየር የሚለቅበት ሂደት ነው። አብዛኞቹ ስፖሮች ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሚለኩ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። የፔኒሲሊየምና የአስፐርጊለስ ደረቅ ስፖሮች በቀላል ነፋስ ይነሳሉ፤ በዝልግልግ የተሸፈኑት የስታኪቦትሪስ ስፖሮች ግን በብዛት የሚበተኑት ደርቀው ሲነካኩ ነው። የሻገተ ግድግዳን መፋቅና ማፍረስ ስርጭቱን ያባብሳል።

ጎርፍ ግድግዳን በማራስ ለሻጋታ ሊዳርግ ይችላል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ባስከተለው ጎርፍ 80 በመቶ የሚሆነው የኒው ኦርሊንስ ከተማ ተጥለቅልቆ፣ የብዙ ቤቶች ግድግዳ ሻግቷል።

የሞተ ስፖርም አለርጂ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሻጋታውን መግደል ብቻ አይበቃም። የራሰውን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ማድረቅ፣ የሻገተውን ጂፕሰም ማስወገድና የእርጥበቱን ምንጭ ማቆም ያስፈልጋል።