የቢቸና ልጅ ዲማን ያገኛል ወይ?

በ1957 ዓ.ም. የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከውጭ የሚመጣ ስጦታም ነበረ፤ የመጣው ይደረደራል።

በዓመቱ፣ በ1958፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ታሪኩ ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዷ ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ቅርብ ናት።

የመጻሕፍት መምረጫ መመሪያ የሚመዘነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ የቢቸና ልጅ ዲማን፣ የሞጣ ልጅ ሰባራ ድልድይን ከመደርደሪያው ያገኛል ወይ? እንግሊዝኛው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ፈተናውም በእሱ ነው።

ዛሬም መጽሐፍ ልንልክ ካርቶን ስናሽግ፣ ከቤት የተረፈውን ከመጠቅጠቃችን በፊት እስቲ መምህሩን «ምን ጎደላችሁ?» እንበል።