ሚዛንም ኢስናድ አለው፦ የመስፈሪያ ምርመራና መዝገቡ ከመዲና ገበያ እስከ ዳባት

ባለ 36 አያዋ ሱረቱል ሙጠፊፊን የምትከፈተው፣ ከሰው ሲቀበሉ ሞልተው ለሰው ሲሰጡ ግን አጉድለው በሚሰፍሩ ላይ በወረደ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያም ብዙ ሳትርቅ፣ ከ7ኛው እስከ 9ኛውና ከ18ኛው እስከ 20ኛው ባሉት አያዎች፣ የአመፀኞችና የደጋጎች ሥራ ስለሚገኝበት የተጻፈ መዝገብ ትናገራለች። መስፈሪያና መዝገብ በአንድ ሱራ መገናኘታቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አማርኛችንም «ሰፈረ» የሚለውን አንድ ቃል እህል ለተለካበትም፣ ነገር በመዝገብ ለገባበትም ይጠቀምበታል።

ስለ ሚዛን በሚሰጡ ኹጥባዎችና ትምህርቶች ዘወትር የሚነሣው የነጋዴው ህሊና ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም የኢስላም ታሪክ በህሊና ብቻ አልተወሰነም። መሣሪያው ራሱ ይመረመር፣ ምርመራው ይታተም፣ የመረመረውም ሰው ይታወቅ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ፣ ሚዛን እንደ ሐዲስ ሁሉ ኢስናድ ያስፈልገዋል የሚል ነው፤ የምርመራ መዝገብም የዚያ ኢስናድ ጽሑፋዊ መልክ ነው። ሐሳቡን ከመዲና ጀምረን፣ በካይሮ አድርገን፣ ወደ ወገራና ወደ ስሜን ግርጌ ገበያዎች እናደርሰዋለን።

የሷዕ ሰንሰለት

ኢብን ማጃህና ነሳኢ ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና በገቡ ጊዜ የከተማዋ ሰዎች በአሰፋፈር የከፉ ነበሩ፤ ይህች ሱራ ከወረደች በኋላ ግን አሰፋፈራቸውን አሳመሩ። በአቡ ዳውድና በነሳኢ ዘገባ ደግሞ ነቢዩ በስፍር የመዲናን፣ በክብደት የመካን ሰዎች ልክ መነሻ አድርገዋል። ይህ ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉም ገበያ ወደ አንድ የታወቀ ልክ እንዲመለስ በር ከፍቷልና።

ያ ልክ ለኋለኛው ትውልድ እንዴት እንደተላለፈ ከኢማም አቡ ዩሱፍ (የሞቱት በ182 ዓ.ሂ.) ታሪክ እንረዳለን። በይሀቂ እንደዘገቡት አቡ ዩሱፍ ወደ መዲና መጥተው ስለ ሷዕ ጠየቁ። ሰዎቹ «የእኛ ሷዕ የአላህ መልእክተኛ ሷዕ ነው» ሲሏቸው ማስረጃ ፈለጉ። በማግስቱ ሃምሳ ያህል የሙሃጂሮችና የአንሷሮች ልጆች እያንዳንዳቸው ሷዓቸውን በኩታቸው ሥር ይዘው መጡ፤ እያንዳንዱም ከአባቱ ወይም ከቤተሰቡ እየጠቀሰ ወደ ነቢዩ ዘመን አደረሰው። አቡ ዩሱፍ ሷዖቹን ሲያስተያዩ እኩል ሆነው አገኟቸው፤ መጠናቸውም አምስት ረጥል ከሲሶ ያህል፣ ጥቂት ጎደል ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ረጥል የሚለውን የአቡ ሐኒፋን አቋም ትተው የመዲናን ሰዎች አቋም ያዙ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተሟልተዋል። አንደኛው ዕቃው ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃው ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚናገር ምስክር ነው። ዕቃው ያለ ምስክር ቢመጣ ኖሮ ተራ የእንጨት መስፈሪያ ከመሆን አያልፍም ነበር።

ማኅተሙና ባለማኅተሙ

የሒስባ ተቋም ሲደራጅ ይህ ምስክርነት ወደ ማኅተም ተሸጋገረ። በግብፅ የተገኙ የኡመያዎች ዘመን የመስታወት መመዘኛዎችና የመስፈሪያ ማኅተሞች የሀገረ ገዢውን ስም ይዘዋል፤ ከነዚህም እ.ኤ.አ. ከ709 እስከ 714 ግብፅን ያስተዳደረው የቁራ ኢብን ሸሪክ ስም የሚነበብባቸው ይገኛሉ። ልኩን ያጸደቀው ባለሥልጣን ስሙን በመመዘኛው ላይ በማኖሩ፣ ጉድለት ቢገኝ ተጠያቂው ሻጩ ብቻ እንዳይሆን ሆኗል።

አል-ማወርዲ (የሞቱት በ450 ዓ.ሂ.) በአል-አሕካሙ ሱልጣኒያ ሕጉን በጥንቃቄ ይለያሉ። ሕዝቡ የሚያውቀው ማኅተም ባለበት ገበያ፣ ማኅተም በሌለው መስፈሪያ የነገደ ሰው መስፈሪያው ጎዶሎ ከሆነ በሁለት ነገር ይወቀሳል፤ ማኅተሙን በመተላለፉና በማጉደሉ። መስፈሪያው ትክክል ሆኖ ቢገኝ ግን ወቀሳው በመጀመሪያው ብቻ ነው። እንግዲህ የመሣሪያው ትክክለኛነት አንድ ጉዳይ፣ ትክክለኛነቱ መረጋገጡም ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

በ6ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የነበሩት አሽ-ሸይዘሪ ደግሞ ለሙሕተሲቡ ወደ ተግባር ይወርዳሉ። የሚዛን ድንጋዮች ከብረት እንዲሆኑ፣ ድንጋይ እርስ በርሱ ሲጋጭ ስለሚሸራረፍ የግድ ካልሆነ እንዳይሠራበት፣ ግድ ከሆነም በቆዳ ተሸፍኖና ተመርምሮ እንዲታተም ይመክራሉ። የሚዛን ሳሕን ላይ የረጋ ዘይትና እድፍ ክብደት ስለሚጨምር ዘወትር እንዲጠረግ፣ ምርመራውም በየጊዜው እንዲታደስ ያዛሉ። «በየጊዜው» የሚለው ቃል ማኅተም ብቻውን እንደማይበቃ ያመለክታል። ማኅተም መሣሪያው በአንድ ቀን እንዴት እንደነበር ይመሰክራል፤ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ዝም ይላል። ከአንዱ ምርመራ እስከ ቀጣዩ ያለውን ታሪክ የሚይዘው መዝገብ ነው።

ጀበርቲው ሊቅና የካይሮ ሚዛኖች

ይህን ታሪክ ከሀገራችን ጋር የሚያገናኝ አንድ ሊቅ አለ። ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ (ከ1110 እስከ 1188 ዓ.ሂ.) ቤተሰቡ ከሐበሻ ምድር ከጀበርት የተነሣ፣ አያቶቹ በአል-አዝሀር የጀበርት ሪዋቅ ሸይኾች የነበሩ፣ በሐነፊ ፊቅህ፣ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቀ ዓሊም ነበር። ልጁ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ በታሪክ መጽሐፉ እንደመዘገበው፣ በ1172 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1758/59) በካይሮ ሚዛኖች ላይ መዛባት ደረሰ። የአሠራራቸው ዕውቀት ጠፍቶ ስለነበር የሚመዘነው ዕቃ መጠን ተለያየ፤ የሰው ሐቅና ገንዘብም ባከነ።

ሸይኽ ሐሰን ይህን ጊዜ አንጥረኞችንና ቀላጮችን ሰበሰበ፤ ታላላቆቹንና ትናንሾቹን መመዘኛዎች በሒሳብና በጂኦሜትሪ መሠረት አስተካከለ፤ ወጪውንም ከራሱ ኪስ ሸፈነ። ከዚያም የመዛኞችን አለቆች ጠርቶ ስህተታቸውን አሳያቸው፤ የአሠራሩንም ምሥጢር ገለጠላቸው። ሊጠገን የሚችለው ተጠገነ፤ ያረጀውና የተበላሸው ከአገልግሎት ወጣ። ሥራው ወራትን ፈጀ። ስለ ሚዛኖችም አል-ዒቅዱ ሠሚን የተባለ ድርሳን ጻፈ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ሸይኹ መዛኞቹን ሌቦች ብሎ ባለመነሣቱ ላይ ነው። ጉድለቱ ከዕውቀት መጥፋት የመጣ መሆኑን ተረድቶ መሣሪያውን መረመረ፤ ሰዎቹን አስተማረ፤ ውጤቱን ጻፈ። ልጁም ዓመቱን፣ ሥራውን፣ የሠሩትን ባለ እጆች ስም ሳይቀር ባይመዘግብ ኖሮ፣ የጀበርቲው ሊቅ ለካይሮ ገበያ የዋለው ውለታ ከእኛ ዘንድ ባልደረሰ ነበር።

የላማልሞ መንገድ

ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወስደው ጥንታዊ የሲራራ መንገድ ወገራን አቋርጦ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል አልፎ፣ የላማልሞን አቀበት ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ አድዋ ያቀና ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በላማልሞና በወገራ በኩል ነው። የዚህ ንግድ ዋና ተዋናዮች ሙስሊሞች ነበሩ። የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1668 ሙስሊሞች በጎንደር ተለይተው እንዲኖሩ ከወሰነ በኋላም የንግዱ ሥራ በእጃቸው ቀጥሏል፤ በርካታ የጎንደር ነጋድራሶችም ሙስሊሞች ነበሩ። ነጋድራሱ ቀረጥ ይሰበስባል፣ በነጋዴዎች መካከል ይዳኛል። የሙሕተሲቡን ሥራ በከፊል የሚመስል ሥልጣን ነበረው ማለት ይቻላል።

ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ መስፈሪያዎችና መመዘኛዎች ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቁና፣ ላዳን፣ ዳውላና ፈረሱላ በየአገሩ፣ አንዳንዴም በየሸቀጡ መጠናቸው ይለያይ ነበር። ወቄት 28 ግራም ገደማ ከሚመዝነው ከማርትሬዛ ብር ጋር ይስተካከል ነበር። ከስሞቹ ብዙዎቹ ዐረብኛ ናቸው፤ ወቄት ከኡቂያ፣ ነጥር ከረጥል የመጡ ናቸው፤ ኩንታልም በአውሮፓ ቋንቋዎች ዞሮ የመጣ ቂንጣር ነው።

ስሙ ከዐረብኛ ቢወረስም ልኩ ግን ከስሙ ጋር አልተጓዘም። የአንድ ገበያ ቁና የሚታወቀው በገበያው ልማድና በሽማግሌዎች ትዝታ ነበር። እህሉ ተቆልሎ ይሰፈር ወይስ ተስተካክሎ የሚለውም በሁለቱ ተገበያዮች ስምምነት ይወሰን ነበር። ልማድ (ዑርፍ) በፊቅህ ትልቅ ቦታ አለው፤ ጠብ ሲነሣ ግን ልማድ ድምፅ ላለውና ለሚፈራው ሰው ያደላል። ከደጋ ገብሱን ጭኖ የወረደ ገበሬ ከከተማው ነጋዴ ጋር ሲከራከር የሚጠቅሰው የተጻፈ ነገር አልነበረውም።

ከአዋጁ በኋላ

የሚዛኖችና የመለኪያዎች አዋጅ ቁጥር 208 በ1955 ዓ.ም. የሜትር ሥርዓትን የሀገሪቱ ሕጋዊ ልክ አደረገ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ስነ-ልክ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ኪሎግራም ከ1889 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አጠገብ በሴቭር በተቀመጠ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ይወሰን ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር ይወሰናል። ሕጋዊው አሠራር ሰንሰለት ነው፤ የነጋዴው ሚዛን በመርማሪው መመዘኛ ይፈተሻል፣ የመርማሪው መመዘኛ ከርሱ በበለጠ መመዘኛ ይፈተሻል፣ ይህም እስከ ብሔራዊውና እስከ ዓለም አቀፉ ልክ ይደርሳል። የሐዲስ ተማሪ ይህን ሲሰማ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። ከመሀል አንድ ቀለበት ከጠፋ ሰንሰለቱ ሙንቀጢዕ ነው።

ስለዚህ በዳባትም ሆነ በማናቸውም ገበያ የምርመራ መዝገብ «ተመርምሯል» ከሚለው ቃል አልፎ ሊይዝ የሚገባው አለ፤ ቀኑን፣ የሚዛኑን ባለቤት፣ የሚዛኑን ዓይነትና አቅም፣ የተፈተሸበትን መመዘኛ፣ በየክብደቱ የታየውን ልዩነት፣ የተወሰደውን እርምጃ፣ የማኅተሙን ቁጥር፣ የመርማሪውን ስምና የሁለቱንም ፊርማ።

ከነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው የልዩነቱ መጠንና አቅጣጫው ነው፤ ፍትሕ የሚያርፈው ግን እዚያ ላይ ነው። በአንድ ኩንታል 2 ኪሎ የሚያሳስት ሚዛን በ10 ኩንታል ገብስ 20 ኪሎ ያሳስታል። ከገበሬው የሚገዛበት ሚዛን አሳንሶ የሚያሳይ፣ ለሸማቹ የሚሸጥበት ደግሞ አብዝቶ የሚያሳይ ሆኖ በተከታታይ ምርመራዎች ከተገኘ፣ ይህ በሱራዋ መክፈቻ የተወገዘው ግብር ራሱ ነው። ስህተቱ አንድ ጊዜ በባለቤቱ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ለባለቤቱ ከሆነ ግን እርጅና ወይም ብልሽት መሆኑ ያመዝናል። ሸሪዓ ዐምድንና ኸጠእን፣ ሆን ብሎ መበደልንና ስህተትን፣ ይለያል። ይህን ልዩነት ግን አንድ ምርመራ ብቻውን ሊያሳይ አይችልም፤ የሚያሳየው በተከታታይ የተጻፈ መዝገብ ነው።

መዝገቡ የሚጠብቀው ገዢውን ብቻ አይደለም። ሐሜት የተነሣበት ታማኝ ነጋዴ ንጽሕናው የሚታወቀው በመዝገብ ነው። መርማሪውም ወዳጁን አልፎ ባላጋራውን እንዳይቀጣ የሚያግደው መዝገብ ነው። የሱረቱል በቀራ 282ኛ አያ ስለ ብድር ስታዝዝ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ትንሹንም ትልቁንም መጻፍ እንዳይሰለች፣ ጸሐፊውና ምስክሩም እንዳይጎዱ አጥብቃ ታሳስባለች። አያዋ የወረደችው ስለ ብድር ቢሆንም፣ የሰጠችው ምክንያት፣ ማለትም ጥርጣሬን ማራቅና ምስክርነትን ማጽናት፣ ለሚዛን መዝገብም ይሠራል።

ለመምህሩና ለኢማሙ

የሸይኽ ሐሰንን ታሪክ ማንበብ ብቻውን አይበቃንም፤ በእጃችን ያለ ተመሳሳይ ጉዳይ አለና። በየዓመቱ በረመዳን መጨረሻ ዘካተል ፊጥር የሚሰፈረው በሷዕ ነው። ሷዕ አራት ሙድ የሆነ የስፍር ልክ እንጂ የክብደት ልክ አይደለም። ገብስ ከስንዴ ስለሚቀል የሁለቱ ሷዕ በኪሎ እኩል አይመጣም፤ በሐነፊዮችና በሌሎቹ መዝሀቦች መካከል ያለው የረጥል ልዩነትም በላዩ ይጨመራል። ሆኖም በብዙ መስጊዶች መስፈሪያው ከአንዱ ኢማም ወደ ሌላው ያለ አንዳች ጽሑፍ ይተላለፋል።

አንድ መስጊድ መስፈሪያውን በስንዴና በገብስ ሞልቶ፣ በቅርቡ ተመርምሮ በታተመ ሚዛን ቢያስመዝን፣ ቀኑን፣ የእህሉን ዓይነት፣ ክብደቱን፣ የሚዛኑን ማኅተም ቁጥርና የተከተለውን መዝሀብ ጽፎ ሁለት ምስክሮች ቢያስፈርም፣ የመዲና ሰዎች ለአቡ ዩሱፍ ያቀረቡትን ምስክርነት በጽሑፍ አቆየ ማለት ነው። የመድረሳ መምህርም ይህን ሥራ በደረሶቹ እጅ ቢያሠራ፣ ስለ ሷዕና ስለ ሙድ ከሚያነቡት በተሻለ ይረዱታል። ከሚንበር ነጋዴውን ስለ ሚዛኑ የሚመክር ኢማም የራሱ መስጊድ መስፈሪያ መቼና በምን እንደተፈተሸ ሲጠየቅ መዝገቡን ገልጦ ማሳየት ከቻለ፣ ምክሩ ገበያው ድረስ ይሰማል።