ዓቢይ ጾምን የማያውቁ ዶሮዎች

በሲያትል ደቡባዊ ሰፈሮች፣ ከሬኒየር ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ከማውቃቸው የሐበሻ ቤቶች ውስጥ በጓሯቸው ዶሮ የሚያረቡት ጥቂት አይደሉም። እንዴት እንደጀመሩ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ «እማማ ናቸው የሰጡን» ይላሉ። እማማ የሚሏቸው እናቴን ነው። በ2014 ዓ.ም. ዘጠና ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አርፋለች። በለቅሶዋ ላይ ስለ እምነቷ፣ ስለ ልጆቿና ስለ ሙያዋ ብዙ ተነግሯል። ዶሮዎቿን ያነሳ ግን አልነበረም፤ ነገሩ ለለቅሶ የማይመጥን መስሎ ይሆናል። ለእኔ በዚህ አገር ያቆየችልን ትልቁ ነገር እሱ ነው።

እናቴ መንዝ ተወልዳ መንዝ ያደገች ናት። የልደት ቀኗን የጻፈላት ሰው ስለሌለ ዕድሜዋን የምታስቆጥረው «ጣሊያን ሲገባ ድክ ድክ እል ነበር» እያለች ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ሲወጣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሰዉ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ከጠጉሩ ባና ይሠራል። የጓሳው ሣር ራሱ በዘፈቀደ የሚጋጥ አልነበረም፤ በጥንቱ የቄሮ ሥርዓት ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በአባቶች ውሳኔ ይከፈታል፣ ከዚያ በፊት ከብቱን ያስገባ ይቀጣ ነበር። እናቴ ስለ እንስሳ ያላት ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ከብት ይወደድ አይወደድ የሚል ጥያቄ አታውቅም። የእሷ ጥያቄ ድርሻው ደርሶታል ወይስ አልደረሰውም የሚል ነበር።

ሰባት ወልዳ አምስት አሳድጋለች። በእኛ ቤት በሬዎቹ ቡሬና ዳልቻ የአባቴ ነበሩ፤ ዶሮዎቹ ግን የእናቴ ናቸው። በገጠሩ አገር የእንቁላልና የዶሮ ሳንቲም የሴቷ ነው፤ ባል አይጠይቅበትም። ደብተሬና እስክሪብቶዬ፣ በኋላም ከተማ ገብቼ ስማር የተከራየኋት ክፍል ኪራይ፣ ከዚያ ሳንቲም ነው የወጣው። ስለዚህ ዶሮ ስታይ የምትስቀው ስለምታምር ብቻ አልነበረም።

በ77ቱ ድርቅ ላማችን ሞተች። እናቴ ያለቀሰችው ከጓዳ በር ጀርባ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው። ሰው በሚሞትበት ዘመን ለከብት ማልቀስ ነውር ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማት ፈርታ ነበር። ላሚቱን በስሟ እየጠራች «ሳላበላሽ ወሰደሽ» ስትል ግን እኔ ሰምቻታለሁ።

እኔ በዲቪ መጥቼ ዜግነት ሳገኝ አመለከትኩላት። ዜጋ የሆነ ልጅ ወላጁን ሲያመጣ ዓመታዊ ኮታ ስለማይጠብቅ ወረቀቷ ሳይጓተት አለቀ፤ በ1995 ዓ.ም. ሲያትል ገባች። አባቴ ቀደም ብሎ አርፎ ነበር። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ፀሐይ ሳትታይ ሳምንት ይሞላል። እኔና ባለቤቴ ማልደን ሥራ እንገባለን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ እሷ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሚያካፋውን ዝናብ ታያለች። በውጭ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን ይህን እናውቀዋለን፤ እናት በናፍቆት እናመጣና ሶፋ ላይ እናስቀምጣታለን። ምን እንደጎደላት ስጠይቃት «ጠዋት ስነሳ እጄን የሚያይ ፍጥረት የለም» አለችኝ።

በመጋቢት ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የእንስሳት መኖ መሸጫ ይዣት ሄድኩ። ጫጩቶቹ በቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ፣ ከላያቸው አምፖል በርቶ ይንጫጫሉ። ጎንበስ ብላ አንዷን አነሳች። ክንፏን በጣቷ ገልጣ አየች፣ ሆዷን ዳበሰች፣ ገልብጣ ቂጧ ንጹሕና ደረቅ መሆኑን አረጋገጠችና መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሻጩ መጀመሪያ ሊከለክላት ነበር፤ አያያዟን ሲያይ ዝም ብሎ አጠገቧ ቆመ። በመጨረሻ ሦስት መረጠች፤ በዚያን ጊዜ የከተማው ደንብ በተራ ግቢ የሚፈቅደው ሦስት ዶሮ ብቻ ነበር።

ከሁሉ በፊት የተቃወመችው ታናሽ እህቴ ናት። ከሜሪላንድ ደውላ «እናታችንን ከገጠር አውጥተህ አሜሪካ ዶሮ ጠባቂ አደረግካት?» አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡ እንግዶችም ቡና እየጠጡ በመስኮት ወደ ጓሮ ያዩና ፈገግ ይላሉ። ብዙዎቻችን ከዚያ ኑሮ ለመውጣት ስንት ዓመት ስለለፋን ጓሮ ውስጥ መልሰን ስናየው ያሳፍረን ነበር። እናቴ በሐፍረቱ አልተካፈለችም። እህቴ መጥታ ትኩስ እንቁላል ከጎጆው ራሷ ካነሳች ወዲያ ክርክሩ ቀረ።

መንዝ ዶሮ የሚያድረው ቤት ውስጥ፣ ቆጥ ላይ ነው። እዚህ ውጭ ይደሩ መባሉን እናቴ አልወደደችውም፤ እውነቷንም ነበር። አንድ ሌሊት ራኩን ገብቶ ቀይዋን ወሰዳት። ይህ አውሬ እንደ ሰው በጣቶቹ ይሠራል፤ ተራ መቀርቀሪያ ይከፍታል። ጠዋት የተከፈተውን በር አይታ «የዚህ አገር ሸለምጥማጥ ጣት አለው» አለች። ቤቱን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ አስጠግተን፣ በወፍራም ሽቦ ከሥሩ ጀምረን አጥረን፣ ሁለት መቀርቀሪያና ቁልፍ አበጀንለት። ሲመሽ ቆጥሮ መቆለፍ የእሷ ሥራ ሆነ።

ከአውሬው ይልቅ ያስገረማት ግን ብርሃኑ ነው። በኢትዮጵያ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለእኩል ያህል ናቸው፤ ዶሮ ስትታቀፍ ወይም ላባዋን ስትጥል ካልሆነ እንቁላል መጣሏን አታቆምም። ሲያትል ግን በታኅሣሥ የቀኑ ርዝመት ወደ 8 ሰዓት ተኩል ያህል ያጥራል፤ በሰኔ 16 ሰዓት ይደርሳል። ዶሮ በደንብ ለመጣል 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። ስለዚህ በኅዳር እንቁላሉ ሊነጥፍ ይቃረባል፤ ቀኑ ሲረዝም፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ይጎርፋል። እናቴ ይህን ከቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጋር አስተያይታ የራሷን ፍርድ ሰጠች፦ «የነቢያትን ጾም ከእኛ ጋር ይጾማሉ፤ ዓቢይ ጾምን ግን ጭራሽ አያውቁትም።» ለገና ዶሮ ወጥ የሚሆነውን 12 እንቁላል ከሱቅ ስንገዛ፣ ቤተሰቡ ሁሉ 55 ቀን ከእንቁላል በሚታቀብበት ጊዜ ወጥ ቤታችን በእንቁላል ይሞላል።

ዶሮ ማርባቱ በዚህ አገር ሥር የሰደደው በዚህ አለመገጣጠም ምክንያት ይመስለኛል። በጾም ወራት የሚጣለውን እንቁላል መብላት አይቻልም፤ መድፋት ደግሞ ኃጢአት ነው። እናቴ እንቁላሉን አጠራቅማ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ስድስት ስድስቱን በሳህን ይዛ ትወጣለች። በግራ በኩል ብቻቸውን የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት አሉ፤ ከፊት ለፊት የቬትናም ቤተሰብ፣ ከእነሱ አጠገብ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ። እንግሊዝኛዋ ከ«ሄሎ» እና «ኤግ» ብዙ አያልፍም። አሮጊቷ በምላሹ የስኳር ድንች ጣፋጭ ጋግረው አመጡ። ቅቤና እንቁላል እንዳለበት ስነግራት እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ለፋሲካ ብላ በረዶ ቤት አስቀመጠችው። በፋሲካ ማግስት አሮጊቷን ጠርታ አብረው በሉት።

ውሻ አልጋ ላይ ሲተኛ መጀመሪያ ያየችውም እኚሁ ጎረቤት ቤት ነው። ወደ ቤት ተመልሳ አማተበች። መንዝ ውሻ ውጭ ያድራል፤ ድርሻው የማታ ፍርፋሪ፣ ሥራው ደጅ መጠበቅ ነው። የአሮጊቷ ውሻ ግን አርጅቶ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ሴትዮዋ ሆስፒታል በገቡ ጊዜ እናቴ ሳትጠየቅ ቁልፉን ተቀብላ ጠዋትና ማታ ታበላው ጀመር። አልጋ ላይ መተኛቱን እስከ መጨረሻው አልተቀበለችውም፤ ቢሆንም ከአልጋው እንዳይወድቅ ደግፋ የምታወርደው እሷ ነበረች።

በ2010 እ.ኤ.አ. ሲያትል ደንቧን አሻሽላ ለአንድ ቤት ስምንት ዶሮ ፈቀደች። አዲስ አውራ ዶሮ ማርባት ግን ከለከለች። እናቴ በመንዝ ለጸሎት የምትነሳው በዶሮ ጩኸት ስለነበር ክልከላው ከነከናት፤ ስምንቱን ግን በደስታ ተቀበለች። ጫጩት በፖስታ ቤት በኩል እንደሚላክ የነገራት ጡረተኛው ፖስተኛ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ቀን ጫጩት ያመላልሳል። ጫጩቷ ከመፈልፈሏ በፊት የአስኳሉን ትርፍ ወደ ሆዷ ስለምታስገባ ሦስት ቀን ያህል ያለ ምግብና ውኃ ትቆያለች። ይህን ስተረጉምላት «እግዜር ስንቋን አስይዞ ነዋ የላካት!» አለች።

የምናዝበት ድርጅት ጫጩቶቹ መንገድ ላይ እንዳይበርዳቸው፣ እርስ በርስ እንዲሞቃቀፉ፣ ከተወሰነ ቁጥር በታች አይልክም ነበር። ለእኛ ከሚፈቀደው በላይ ሆኑ። እናቴ ችግር አላየችበትም፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማን ጓሮ እንዳለው፣ ማን ቤቱ አሮጊት እንዳስቀመጠ ጠያይቃ ደለደለች። ሁለተኛው ጥያቄዋ ሆን ተብሎ ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጡ እናቶችን ታውቃለች፤ ለእነሱ ነበር የምትመርጠው። ስትሰጥ ታዲያ ምክር ሳትጨምር አትለቅም፦ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይሁን፣ ጭዱ አይርጠብ፣ ውኃው ጠፍጣፋ ዕቃ ይሁንና እንዳይሰምጡ ጠጠር ይደረግበት። ከዚያም በየሳምንቱ በስልክ ትከታተላለች። የአንዷን እናት ጉልበት ሕመም፣ የሌላዋን ልጅ ሠርግ የምንሰማው በዶሮ ጥየቃ መሐል ነበር።

ከልጄ ጋር ግን አንድ ጊዜ ተጣልተዋል። እናቴ መጣል ያቆመች ዶሮ ወጥ ትሆናለች ባይ ናት፤ ለዘመናት የኖረችበት ሕግ ነው። ልጄ ደግሞ ለገብስማዋ ዶሮ ስም አውጥታላት፣ አቅፋት ስታጠና የምታመሽ ልጅ ነበረች። «ጓደኛዬን አትበሉም» ብላ አለቀሰች። እናቴ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን «እንግዲያው መኖዋን አንቺ ግዢ፤ የማትጥል ዶሮ ቀለብ ከኪስሽ ይሁን» ስትል ፈረደች። ልጄ ከኪስ ገንዘቧ ከፈለች፤ ገብስማዋም ዕድሜዋን ጠግባ ሞተች። ሁለቱም እንስሳ ይወዳሉ፤ የእናቴ ፍቅር ግን ያለ ግዴታ አይንቀሳቀስም፣ ልጄም ከዚያ ወዲያ ግዴታውን ተምራዋለች። አማርኛዋንም በአብዛኛው የተማረችው ከአያቷ ጋር ጎጆ ስትጠርግ ነው።

እናቴ ያረፈችው በጥር ነው። የለቅሶው ሰሞን ቤታችን በእንጀራና በወጥ ተሞላ፤ እድሩ ወንበሩንም ሻዩንም አሰናዳ። የቬትናሞቹ እናት ደግሞ አንድ ካርቶን እንቁላል ይዘው መጡ፤ እናቴ ከሰጠቻቸው ጫጩቶች የተገኘ ነው። ያን ሳምንት ከሐዘኑ ብዛት ዶሮዎቹን ያስታወሰ ሰው በቤታችን አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም አንድም ቀን ሳይበሉ አላደሩም። ጡረተኛው ፖስተኛ በጓሮ በር እየገባ ያበላቸው እንደነበር በኋላ ሰማን።

አሁን ልጄ ፍየል አምሯታል። በሲያትል ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድንክ ፍየል በፈቃድ ማርባት ይቻላል፤ ቀንድ እንዳይኖራቸውና ወንዱ እንዲኮላሽ ግን ከተማዋ ታዛለች። እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን ሰምታ «ቀንድም ወጠጤም የሌላት ፍየል ምን ኑሮ አላት!» ብላ ስቃ ነበር። ልጄ ማመልከቻውን ሞልታ ስታሳየኝ እናቴ ትጠይቃት የነበረውን ጠየቅኳት፦ ፈተና በሚደራረብብሽ ሳምንት፣ ዝናብ በሚዘንብበት ጠዋት ማን ያበላቸዋል? በማግስቱ የተራ ዝርዝር ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች። ከላይ የራሷ ስም አለ፤ ከሥሩ የቬትናሞቹ ልጅ፣ ቀጥሎ ፖስተኛው። ሐሙስና ዓርብ የእኔ ተራ ነው።