ድምፅን በቤት ስለ መቅረጽ፤ ከሰም እስከ ኦዲዮ ኢንተርፌስ

ድምፅን በቤቱ መቅረጽ የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ዋጋና የመሰኪያውን ብዛት ነው። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ምርጫውን ከታሪክ አንጻር ልንመለከተው አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲሰን በ1877 የፈለሰፈው፣ ኋላም በሰም ላይ የሚጽፈው ፎኖግራፍ፣ ድምፅን የሚቀርጽም መልሶ የሚያሰማም አንድ መሣሪያ ነበረ። ስለዚህም ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 የቀረጹትን መልእክት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከሰሙ በኋላ፣ እርሳቸውና እቴጌ ጣይቱ በ1899 መልሳቸውን በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተናግረው ልከዋል።

በርሊነር በ1887 የፈለሰፈው ሸክላ ግን ነገሩን ለወጠው። ሸክላ በብዛት ለማተም ይመቻል፤ ነገር ግን የገዛው ሰው ይሰማበታል እንጂ አይቀርጽበትም። ስለዚህ ዘፋኙ ወደ መሣሪያው መሄድ ግድ ሆነበት፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን አገር ነው። መቅረጽን ወደ ቤት የመለሰው ቴፕ ነው፤ የዚህም መሣሪያ በ1935 በበርሊን ለሕዝብ ታየ።

ኦዲዮ ኢንተርፌስ የቴፕ ወራሽ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። ሥራውም ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አጉልቶ፣ ወደ ቁጥር ለውጦ ለኮምፒዩተር ማስረከብ ነው። ለአንድ ሰው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት የማይክሮፎን መግቢያ ይበቃል። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ላለው ሰው 48 ቮልት የሚሰጥ መሆን አለበት። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ገደማ ንዝረት ስለሚሰማ፣ በሴኮንድ 44,100 ናሙና የሚወስድ መሣሪያ አያንሰውም፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ቁጥር ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያሻም። በ24 ቢት መቅረጽ ግን ይጠቅማል፤ ማጉያውን ዝቅ አድርጎ በጥንቃቄ ለመቅረጽ ያስችላልና።

ይህን የኋለኛውን የተረዳነው ዘግይተን ነው። የአንዲት አሮጊት ሙሾ ስንቀርጽ ማጉያውን ከልክ በላይ ከፍ አድርገነው ስለ ነበር፣ ድምፃቸው ከፍ ባለበት ሁሉ ተበላሸ። መሣሪያው ደኅና ነበረ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ልንደግመው ስንመለስ እማማ ዐርፈው ነበር።

እንግዲህ ከታሪኩ የምንረዳው፣ የሚሻለው መሣሪያ ወደ ድምፁ ባለቤት ቤት ሊሄድ የሚችለው መሆኑን ነው። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ኃይል የሚያገኝ፣ በከረጢት የሚያዝ አንድ ትንሽ ኢንተርፌስ ይበቃናል። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ግን አጠቃቀሙን አስቀድመን በራሳችን ድምፅ እንፈትን።